የካውያ ጾም

መብራት ማብራት ማንም ይችላል፤ መብራትን ማስተዳደር ግን የታላላቅ ሰዎች ሥራ ነው። የከተማችን የመብራት ቤት ሹም አቶ ወልደ ዮሐንስ ከነዚህ ታላላቆች አንዱ መሆናቸውን ጎንደር በሙሉ ያውቃል። ያላወቀ ቢኖር ራሳቸው ይነግሩታል።

ጣሊያን ሲሸሽ ጥሎት የሄደው ሞተር ድሮ መብራቱን ችሎ ያበራ ነበር። ኋላ ግን ሕዝቡ ሠለጠነ። አንዱ ካውያ ገዛ፣ ሌላው የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሌላው ራዲዮ። ሁሉም አንድ ላይ ሲሰኩ አምፖሉ ይቀላል፣ ሞተሩም ያስላል። የሰፈር ሽማግሌዎች "በየሰፈሩ ተራ ብንገባስ?" ቢሉ፣ አቶ ወልደ ዮሐንስ "ተራ የወፍጮ ቤት ወግ ነው" ብለው ሣቁባቸው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲልም ይህን ድንቅ ትእዛዝ አወጡ፦

"የኃይል ፍላጎትን ከአቅርቦት ጋር ለማመጣጠን ሲባል፣ ማናቸውም የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ እንደ ባለቤቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል።"

ቁስቋም አጠገብ የሹማምንቱን ሱፍ እየተኮሰች ልጆቿን የምታሳድገው ታየች ቢሮ ድረስ ሄደች።

"ጌታዬ፣ እኔ የምተኩሰው ጧት ነው። ካውያዬ ከጾመ ልጆቼም መጾማቸው ነው።"

"ሸጋ ነዋ! ምነው ጽድቅ ትጠያለሽ?"

"ጡት ያልጣለች አለችኝ እኮ።"

"እሷን ትእዛዙ አይመለከታትም። የኤሌክትሪክ ዕቃ አይደለችም።"

የጾሙ መጀመሪያ ሰኞ፣ ሞተሩ እንደዚያ ቀን ተዝናንቶ አያውቅም። አቶ ወልደ ዮሐንስ ከሞተር ቤቱ ደጅ ወንበር አስወጥተው "ስሙት፣ እንዴት ረጋ!" እያሉ ዋሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደወል ተደወለ። የጎንደር ካውያ፣ ምድጃና ራዲዮ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጾሙን ፈታ። ሞተሩ አንዴ አጓራ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ዝም አለ።

"ምን ሆነ?" አሉ ሹሙ።

"ሞተ፣ ጌቶች" አለ መካኒኩ።

"አልሞተም። ጾም አልለመደም ነው እንጂ።"

በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ሪፖርት ሄደ፦ "በከተማችን አቅርቦትም ፍላጎትም ዜሮ በመሆናቸው ፍጹም ተመጣጥነዋል።" ሞተሩ እስኪያገግም እንዳይረበሽም ካውያ ሁሉ ተሰብስቦ መጋዘን እንዲቆለፍበት ታዘዘ። ታየች ከጎረቤት የከሰል ካውያ ተውሳ ሥራ ብትጀምር የመብራት ቤቱ ዘበኞች እሱንም ወሰዱባት።

"ይሄ እኮ በከሰል ነው!"

"ትእዛዙ ካውያ ነው የሚለው።"

ታየች ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ልጇን ታቅፋ አለቀሰች። እዚህ ላይ እኔም መሣቅ አቃተኝ።

ሪፖርቱ ያስደሰታቸው ትልቅ ሰው ግን ከአዲስ አበባ መጡ። የከተማው ካውያ ሁሉ ተቆልፎበት ስለነበር አቶ ወልደ ዮሐንስ የተቀበሏቸው በተጨማደደ ሱፍ ነው። እንግዳው ከእግር እስከ ራሳቸው አይተዋቸው እንባ አቀረሩ።

"ቁጠባን ከገዛ ኮቱ የጀመረ! መሪ ማለት ይሄ ነው!"

ደረታቸው ላይ ኒሻን ተሰካ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብሱ ያልተጨማደደ ሹም እድገት እንዳያገኝ ተወሰነ።

ችግሩ፣ የሹማምንቱ ሱፍ ጥሩ የእንግሊዝ ሱፍ ስለሆነ በዋዛ አይጨማደድም። ልብስን የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። በሳምንቱ የታየች ደጅ በሰው ተሞላ። እሷም ኮቱን ውኃ ረጭታ፣ ጠቅልላ፣ በገመድ አስራ፣ ላዩ ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። ልጆቿም ጠግበው ማደር ጀመሩ።

አንድ ጧት አቶ ወልደ ዮሐንስ ኒሻናቸውን እንዳደረጉ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው ገቡ።

"ታየች፣ የኔን በርታ አድርገሽ ጨማድጂልኝ። ለሹመት አዲስ አበባ ተጠርቻለሁ። ቶሎ በይ!"

ታየች ከተቀመጠችበት ኮት ላይ አልተነሣችም።

"ተራዎን ይጠብቁ፣ ጌታዬ። ሁላችሁም ባንድ ጊዜ ከመጣችሁብኝ እኔም እንደ ሞተሩ መሆኔ ነው።"