ሐይቅ ማረስ

ሰው ሲያረጅ ልጆቹ ሁሉ ሐኪም ይሆናሉ። ጉልበቱን ሳያዩለት እንዲህ ብላ፣ እንዲህ ተኛ፣ ደረጃ አትውጣ ይሉታል። እናንተም ልጆች ካሏችሁ ጠብቁ፣ ይመጣል።

እኔ ብዙ አላወራም። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን እርፍ ጨብጬ ከበሬ ኋላ ተምሬዋለሁ። ልጄ ታደሰ ግን እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ የሚሉት የሐበሻ ሱቆች ጎዳና ላይ የቅመማ ቅመም ሱቅ ከፍቶ እኔንም ካስመጣኝ ወዲህ ወንበር ላይ አስቀምጦኛል። ባለፈው ደግሞ የአረጋውያን መዋያ አገኘልኝ። ጠዋት ነጭ ቫን ይወስዳችኋል፣ ፊኛ ስትወራወሩ ትውላላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ይመልሳችኋል። ፊኛ! ዕድሜውን በሬ ሲጠምድ የኖረ ሰው።

"አልሄድም" አልኩት።

"አባዬ፣ ፎርሙን ሞልቻለሁ። ሰኞ ይጀምራሉ።"

ቅዳሜ የጓደኛውን ጀልባ ተውሶ፣ በስተሰሜን ተራራ ላይ ወዳለ ሐይቅ ይዞኝ ሄደ። የሚፈልገው ሌክ ትራውት የሚሉትን፣ ቀዝቃዛ ውኃ ወድዶ ከታች ጭቃው አጠገብ የሚውል ትልቅ ዓሣ ነው። ጀልባው እየሄደ ከኋላው ክር ይጎትታል፤ የእርሳስ ክብደት ክሩን ወደ ታች ያወርደዋል፤ ጫፉ ላይ ብልጭልጭ ብረት ከነመንጠቆው ይወዛወዛል። እኔ ሳየው ማረስ ነው።

ታደሰ ሱቅ ሳይከፍት በፊት ታክሲ ሲነዳ ነው የኖረው፤ ሐይቁንም መኪና የሚበርበት ፍሪዌይ አደረገው። እስከ እኩለ ቀን ባዶ።

"ፈጥነሃል" አልኩት።

"ዓሣው እኮ እዚህ የጀልባው ስክሪን ላይ ይታያል አባዬ። እርስዎ ይቀመጡ፣ ይወድቃሉ።"

"እኔ ካወጣሁ ፎርሙን ትቀደዋለህ?"

ሳቀ። "ኦኬ፣ ዲል! እቀደዋለሁ።"

በበሬ እርምጃ አስነዳሁት። ክብደቱን ጭቃው እስኪነካ ለቀቅኩ፤ ማረሻ አፈር ሲይዝ እጅ እንደሚያውቀው ጣቴ አወቀው፤ ትንሽ ከፍ አደረግኩት። ከዚያ ቀጥ ብለህ አትሂድ፣ ታጠፍ አልኩት። ጥማድ ሲታጠፍ የውስጡ በሬ ይዘገያል፣ የውጪው ይፈጥናል። ብረቱም እንዲሁ ነው፤ በዚህ ስትታጠፍ ሰመጥ፣ በዚያ ስትታጠፍ ቀና ይላል። ዓሣ አካሄዱን የለወጠ ነገር ያጓጓዋል። ሰውም ያው ነው።

በሁለተኛው እጥፋት ክሩ ተሳበ። እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። ማረሻ ድንጋይ ሲይዝ በሬ ይቆማል። እኔም "ቁም!" ብዬ ጮህኩ። ያንን ድምፅ በልጅነቱ ከእርሻው ዳር የለመደው ታደሰ ሳያስብ ሞተሩን አጠፋ። ክሩ ረገበ፤ ዓሣው ሄደ።

"በቃ፣ ሰኞ..." ብሎ ጀመረ።

"ንዳ!"

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ መንጠቆው ሌላ ዓሣ ያዘ። አሁን ጥርሴን ነክሼ አፌን ዘጋሁ። ጀልባው እየሄደ፣ ክሩ እንደተወጠረ ጠቀለልኩ። የክንዴን ያህል ዓሣ ወጣ። "ይወድቃሉ" ያለኝ ሰው መረቡን ይዞ ሲሮጥ ተንሸራቶ በቂጡ ተቀመጠ።

ሰኞ ጠዋት ቫኑ ደጃፋችን መጣ። በመስኮት እጄን አወዛወዝኩለት። ታደሰ ቃሉን ጠበቀ፤ ፎርሙን ቀድዶ ቫኑን ባዶውን መለሰው። ከዚያ ሱቁ ወስዶ መኪናው ውስጥ የተቆለለ የበርበሬ ከረጢት አሳየኝ።

"ጉልበት ካለዎት እንግዲህ ያስገቡ። ቶሎ ይበሉ አባዬ፣ ፓርክ ያደረግኩት መቆም የተከለከለበት ቀዩ መስመር ላይ ነው፤ ይቀጡኛል።"

የፈለግኩትም ሥራ ነበር። አንዱን ከረጢት ተሸከምኩ። በበሬ እርምጃ ገባሁ፣ በበሬ እርምጃ ወጣሁ። ቀዩ መስመር የእሱ ነው።