ሲሞቃት የምትሰንፍ አይሲ

እኛ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች አንድ ክፉ አመል አለብን፤ ዕቃ ይዞ የመጣውን ሁሉ አስቀድመን እንወነጅላለን። "ወድቋል? ውሃ ነክቶታል? ልጅ ጎርጉሮታል?" ፋብሪካው ራሱ አበላሽቶ ልኮት ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ባሕር ተሻግሮ፣ በካርቶን ታሽጎ የመጣ ነገር እንዴት ይሳሳታል! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው።

አዴ ጫልቱ ከወለንጪቲ አዳማ ድረስ ወደ ሱቄ የመጡት የአዲሱን የጫጩት መፈልፈያ ማሽናቸውን ቦርድ በፎጣ ጠቅልለው ነበር። ማሽኑ ከተገዛ ጀምሮ አልፎ አልፎ ቀጥ ይላል፤ አሁን ግን ባሰበት። ሁለት መቶ እንቁላል ሊፈለፈል የቀረው ሦስት ቀን ነው። ቦርዱ እስኪጠገን ልጃቸው እንቁላሎቹን በአምፖል እያሞቀች ትጠብቃለች።

ቦርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ ከኤሌክትሪክ አገናኘሁት። ሠራ። "ሶኬቱን አላጠበቁት ይሆናል" ብዬ ሸኘኋቸው። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ፤ ቤት ሲደርስ እንደገና ቀጥ ብሏል። ብሞክረው እንደገና ሠራ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ውሸታም ነኝ? እንቁላሎቼ እኮ እየቀዘቀዙ ነው!"

አፈርኩ።

መቼም የአዳማን ሙቀት ታውቃላችሁ፤ ያለ ቬንትሌተር መሥራት አልችልም። አዴ ጫልቱ ግን በዚያ ወበቅ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ "ብርድ ሊመታኝ ነው፤ ይኼን ነገር አጥፋልኝ፤ በሩንም ዝጋው" አሉኝ። ትልቅ ሰው ብርድ ፈራሁ ሲል በፊዚክስ አይከራከሩትም። አጠፋሁ፤ ዘጋሁ፤ በላብ ተጠመቅኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ቦርዱ ቀጥ አለ!

ለካስ እኔ ቬንትሌተር ሥር እያቀዘቀዝኩት ነው ጤነኛ ነው የምለው! ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ነበር። አልኮል ሲተን ያቀዘቅዛልና፣ አልኮል ውስጥ የነከርኩትን ጥጥ ይዤ ቦርዱ ላይ የተበየዱትን አይሲ የምንላቸውን ጥቋቁር ዕቃዎች አንድ በአንድ አቀዘቀዝኳቸው። አራተኛዋን ስነካት ቦርዱ ነቃ። ሲሞቃት ልፍስፍስ፣ ሲቀዘቅዛት ጎበዝ፤ ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ እንዲህ ነበረች። ከአሮጌ ቦርድ ጤነኛ ነቅዬ በቦታዋ በየድኩ። በሩ እንደተዘጋ አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ችግር ሠራ። "ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም" አልኳቸው። ይህን ቃል ለደንበኛ ስናገር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

በአራተኛው ቀን ደወሉልኝ። ጫጩቶቹ ከኋላ እየተንጫጩ የምርቃቱን ግማሽ አልሰማሁትም፤ ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ለጎረቤቶቻቸው ምን ብለው እንዳወሩ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው፦ "አረቄ ቢያቀምሰው ተነሣ!" አሁን ከወለንጪቲ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ በአንድ እጁ የተበላሸ ሬዲዮ፣ በሌላው አንድ ጠርሙስ አረቄ ይዞ ይገባል።

እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ።