ጆብ የሌለው ሸማኔ

አንድ ሥራ ለሁለት ሲቀደድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ሲቀላ በምትባለው ሰፈራችን፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ሰልፍ ላይ ቆሜ።

እኔ ሸማኔ ነኝ። ከዶርዜ ከወረድኩ ጀምሮ እግሬ ከጉድጓዱ፣ እጄ ከመወርወሪያው ተለይቶ አያውቅም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። ያን ቀን መታወቂያዬ አርጅቶ ላሳድስ ሄድኩ። መታወቂያ የሌለውን በኬላ አያሳልፉም። ኬላውን ካላለፍኩ ደግሞ ጋቢዬን አዲስ አበባ ማን ይሸጥልኛል?

ጸሐፊው ገና ከኮሌጅ የወጣ ልጅ ነው። ሥራዬን ጠየቀኝ። ሽመና አልኩት። ደመወዝ የሚከፍልዎ መሥሪያ ቤት አለ ወይ አለኝ። የለም አልኩ። ጻፈ። ምን ብለህ ጻፍክ ስለው፣ «ሥራ የለውም» ብሎ አነበበልኝ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ልጁ ያስረዳኝ ጀመር። ቅጹ በእንግሊዝኛም ተጽፏል፤ የሚጠይቀው ጆብ ነው፤ የእርስዎ ግን ወርክ ነው አለኝ። ወርክ ሰው የሚለፋው ሁሉ ነው፤ ጆብ ሌላው ቀጥሮ የሚሰጥዎ ነው። ደግሞ ወርክ ስምም ግስም ይሆናል፤ ጆብ ግን ስም ብቻ ነው። ግስ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ድርጊት ነው አለ።

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አሉ!

«ስም ብቻ ኖሮት ድርጊት የሌለውማ በሰፈራችን ሞልቷል» አልኩት። ሰልፉ ሳቀ። ከኋላዬ የቆመችው ዓሣ ነጋዴ ቀጠለች፦ «እኔስ ታዲያ ወንድሜ? ዓሣው ከጫሞ ሐይቅ በእግሩ ነው የሚመጣው?»

ልጁ ተቆጣ። በጣትዎ ይፈርሙ አለ። አልፈርምም አልኩ። መታወቂያ አያገኙም አለ። ይቅር አልኩ። ጋቢው እዚያው ብል ይብላው እንጂ፣ ሥራ ፈት ነኝ ብዬ አልፈርምም!

እጄን ለቀም አደረገና አውራ ጣቴን ቀለም ነክሮ ራሱ ወረቀቱ ላይ ተጫነው። አነሳው። ጥቁር ጠብታ ብቻ። መስመር የሚባል የለም። ደገመ። ያው። ሠለሰ። ያው።

«አባባ፣ አሻራዎ የት ሄደ?»

«ክር በላው። አርባ ዓመት ሙሉ። በል እንግዲህ፣ ሥራ የሌለውን ሰው አሻራ ምን በላው ብለህ ልትጽፍ ነው?»

ልጁ ወረቀቱን ቀደደና በአዲስ ቅጽ ላይ ሸማኔ ብሎ ጻፈ። እና ይኸው መታወቂያዬ አሻራ የለውም፤ ሥራ ግን አለው።

ስወጣ የተቀደደውን ወረቀት አየሁት። ከጠርዙ ላይ ቀለም የነካው የልጁ የራሱ ጣት ሳያውቀው አርፎበታል። መስመሩ ሙሉ ነው። አንድም አልጎደለም።