ንብ ያልኩት ኑብ

ድሮ ስድብ ፊት ነበረው። እኔ ልጅ ሆኜ እብናት ቦኖ ውሃ ተራ ላይ አንዷ ብትሰድበኝ፣ የማን ልጅ እንደሆነች አውቃለሁ፤ በየት ጓሮ ዞራ ቤቷ እንደምትገባ አውቃለሁ፤ ከሰዓት እናቷ «ጨው አላችሁ ወይ በያቸው» ብላ እኛ ቤት እንደምትልካትም አውቃለሁ። እሷም ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ስትሰድበኝ ትንሽ ታስተርፍ ነበር። ስድቡ ሄዶ ሄዶ ጨው ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ክፉ አፍ አልነበረም እያልኳችሁ አይደለም። የእግሬን መቅጠን ያልተናገረ የእብናት ልጅ የለም። ግን የተናገረውን ሁሉ በስሙ አውቀዋለሁ፤ ዛሬም ገበያ ላይ ሳገኘው «እየው፣ ይኸው ቆሜበታለሁ» እለውና ስቀን እንለያያለን።

አሁን ግን ስድብ ፊቱን ቤቱ ጥሎ ብቻውን መዞር ጀምሯል። ከየት እንደተነሣ አታውቁም፤ የማን ልጅ እንደሆነ አታውቁም፤ እናቱ ጨው ይኑራት አይኑራት አታውቁም። ዘው ብሎ ቤታችሁ ይገባና ልጃችሁን ከተቀመጠችበት ያገኛታል። ይህን የምጽፈው ደግሞ ነገሩ ገብቶኝ እንዳይመስላችሁ። የገባው ሰው ካለ እንዲያስረዳኝ ነው።

እኔ ደብረ ታቦር ድንች የምሸጥ ሴት ነኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከአራተኛ በላይ ያለውን ጊዜ አግብቼ ወልጄበታለሁ። ፊደል እለያለሁ፤ ከሁሉም ጋር ግን እኩል አንተዋወቅም። ከሀ እና ከለ ጋር ጥሩ ነን። ካዕቡ ላይ ስደርስ፣ ያቺን ከፊደሉ ጎን የምትለጠፈዋን ትንሽ ጭረት ዓይኔ ዘሎ ያልፋታል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ ትሠራኛለች።

ባሌ ባሕር ዳር ግንበኛ ነው፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይመጣል። በመካከሉ እንዳንጠፋፋ ብሎ አንድ ስልክ ገዛልኝ፣ በጣት የሚዳሰሰውን። ስልኩ የኔ ነው ይባላል። እኔ የማገኘው ግን ፍሬ ትምህርት ቤት ስትሄድ ነው።

ፍሬ ልጄ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ይቺ ልጅ ከሆዴ ስትወጣ ያለቀሰች ሳይሆን ያወራች ነው የሚመስለኝ። ትምህርት ቤታቸው ጠዋት ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ማይክ ይዛ ዜና የምታነበው እሷ ናት፤ ሚኒ ሚዲያ ይሉታል። ድምፅዋ ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ፣ አጥሩን ዘሎ፣ እኔ ድንች እስከምደረድርበት ድረስ ይመጣል። እጄ ሚዛኑ ላይ እንዳለ ይቆማል። ደንበኛ «ምነው አትመዝኚልኝም?» ሲለኝ «ቆይ፣ ልጄ እያነበበች ነው» እላለሁ። ጥቂቶች ይሄዳሉ። ይሂዱ። ሰኔ መጨረሻ በወላጆች ቀን ደግሞ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እንድታነብ የተመረጠችው እሷ ነበረች፤ እኔም ለዚያ ቀን የምለብሰውን ቀሚስ ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ ሳይቆሽሽ።

ከእኛ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ የሚለይ ተከራይም አለን፤ ምትኩ ይባላል። ከሌላ አገር መጥቶ እዚህ ቢሮ የተቀጠረ፣ ሠላሳ ያልሞላው፣ ጨዋ ነው ብላችሁ የምትምሉበት ሰው። በዕድሜ እኩያሞች ብንሆን ነው፤ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እትዬ፣ እንደምን አደሩ» ሳይለኝ ከግቢ አይወጣም። ዋይፋይ ሲያስገባም «ለልጅቱ ለትምህርቷ ይሆናታል» ብሎ የይለፍ ቃሉን ሰጠን። ቆሜ መረቅሁት።

ትምህርቱ ጨዋታ ሆነ።

ጨዋታው መተኳኮስ ነው። አራት አራት እየሆኑ ይፈላለጋሉ፤ እየተኮሱም በስልኩ ያወራሉ። የከተማው ተጫዋቾች በቴሌግራም ተጠራርተው የራሳቸውን ቡድን ሠርተዋል። በስሙ የሚጠራ የለም፤ አንዱ ነብር ነው፣ አንዱ ጥላ፣ አንዱ ቁጥር ብቻ። ፍሬ ከደጃችን ሆና የምታየውን ተራራ ስም ወስዳ «ጉና» ተባለች። መጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ጨዋታውን እየጨረሰች በወጣች ቁጥር ፊቷ ጥቁር ማለት ጀመረ። ተሸንፋ ይሆናል አልኩ።

አንድ ቀን ከትከሻዋ ኋላ ቆሜ መስታወቱ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ አንድ በአንድ አነበብኩት። «ጉና ንብ ናት» ይላል። ከሥሩ ሌላው «የንብም ንብ» ብሏል። ሦስተኛው ደግሞ «በሕይወቴ እንዲህ ዓይነት ንብ አይቼ አላውቅም»።

ደስታዬን አትጠይቁኝ። የአባቴ ጓሮ ሦስት ቀፎ ነበረበት፤ ንብ ምን እንደሆነች ለእኔ ነጋሪ አያስፈልገኝም። የማትቦዝን፣ ቆሻሻ ላይ የማታርፍ፣ ቤቷን የምታውቅ። ሰው፣ ያውም የማያውቃት ሰው፣ ልጄን አወቀልኝ ብዬ ልቤ ሞላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሬ መባሉ ቀረ። ንብዬ ተነሽ። ንብዬ ብይ። ንብዬ እስቲ ያን ጆንያ አቀብይኝ። እሷ ጥርሷን ነክሳ ታልፈኛለች፣ እኔ ደግሞ አፍራ ነው እላለሁ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጎረቤቱ ሁሉ ድንች ሊገዛ በተሰበሰበበት «ኑ እስቲ፣ የኔን ንብ እዩልኝ!» አልኩ።

ፍሬ የያዘችውን ጆንያ ለቀቀችው። ድንቹ ቁልቁል ወደ አስፋልቱ፣ እሷ ሽቅብ ወደ ቤት።

«አንቺም?» ብቻ ነው ያለችኝ።

ድንቹን ለቀምኩት። «አንቺም» የምትለዋን ግን በምን እንደማነሣት አላወቅሁም።

ከዚያ ወሬዋ ተዘጋ። «እሺ» እና «ምንም» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ቀሯት። ምን ያልጠረጠርኩት አለ? ዓይን ነው አልኩ። ጉሮሮዋ ነው ብዬ ማር በጦስኝ አፈላሁላት፤ ማሩን ስታይ ጭራሽ ዞራ ተኛች። ወንዛዬ ፍል ውሃ ልውሰዳት ብዬ ከአማቴ ጋር መከርኩ፤ ፍል ውሃ ለማያወራ ሰው ይበጅ አይበጅ እሳቸውም አያውቁም፣ ግን «ሌላውን ሁሉ ያድናል» አሉኝ። ሰኞ ጠዋት ድንቼን ደርድሬ ጆሮዬን ሰጠሁ። ከድምፅ ማጉያው የወጣው የሌላ ልጅ ድምፅ ነበር። በዚያ ቀን ያለማቋረጥ መዘንኩ።

አስተማሪዋን ሄጄ ጠየቅኋት። «ማይክ አልይዝም ብላለች፤ ለወላጆች ቀንም ሌላ ሰው ፈልጉ አለችን» አለችኝ። «ድምፄ አስቀያሚ ነው ትላለች፤ ማን እንዲህ አላት?»

እኔ ልጠይቃት የሄድኩትን እሷ ጠየቀችኝ።

የተማረ ሰው ይጠየቅ ብዬ ያቺን «ንብ» የምትለዋን ቃል ከስልኩ ላይ እንደ ሥዕል በካርቶን ቁራጭ ገለበጥኳትና ምትኩን በሩ ላይ ያዝኩት። «ወንድሜ፣ ሰውን ንብ ቢሉት ምን ያስከፋዋል?»

ካርቶኑን ተቀብሎ አየና ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ይህ እኮ ንብ አይደለም። ኑ ነው። ይችን ጭረት አዩዋት? ኑብ።»

«ኑብስ ምንድን ነው?»

«የጌም ቃል ነው። ጀማሪ... የማይችል... ምንም የማይረባ እንደማለት። ማን አለዎት?»

«እኔንማ ማን ይለኛል» አልኩ፤ ልጄን ማዋረድ መሰለኝና ደበቅሁት።

«ከልብ አይደለም፣ ለጨዋታ ነው የሚባለው» ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ገባ።

እኔ እዚያው ቀረሁ። በገዛ አፌ፣ በየማለዳው፣ ፀጉሯን እየዳበስኩ፣ «የማትረቢው ተነሽ» ስላት ከርሜአለሁ። በአንዲት ጭረት!

ቤት ገብቼ ነገርኳት። እኔ እኮ ንብ ነው ያልኩሽ፣ የአያትሽን ቀፎ አስቤ ነው አልኳት።

«ማንበብ አትችይም እንዴ?»

«ቀስ ብዬ እችላለሁ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? «አሁን ግን የሚሉሽን በጆሮዬ አሰሚኝ። ጆሮዬ ፊደል አይስትም።»

እንቢ አለች፤ ለመንኳት፤ ከፈተችው። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ በጉና በኩል ደመናው ወርዶ ቤቱ ጨልሟል። አራቱ ተሰበሰቡ። ፍሬ በቀጭን ድምፅ «ሰላም» አለች።

«ኧረ ይቺ ዶሮ ዛሬም መጣች! ማይኳን ዝጉልኝ፣ ጆሮዬ ደማ!»

ይህን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። እንደተደገመ መሰለኝ።

«ኑብ!» አለ። ሁለት ጊዜ።

«ሂጂ ማጀትሽ ግቢ፣ ገጠሬ!» ይህም ሁለት ጊዜ። ያኔ ነው ያስተዋልኩት። መጀመሪያ ግድግዳው ይላል፤ ስልኩ ተከትሎ ይቀበላል፣ ልክ ቄሱ ብለው ሕዝቡ እንደሚመልሰው። ጆሮዬን ጭቃው ላይ ለጠፍኩ። ነብር የሚሉት እዚያ ማዶ፣ ከአልጋዬ አንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ይጮሃል። ስድቡ በምትኩ ዋይፋይ ወጥቶ በምትኩ ዋይፋይ እኛ ቤት ይገባል። የመረቅኩት ዋይፋይ!

ዘነዘናውን አንሥቼ ተነሣሁ። ምን ላደርግበት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እኔም አላውቅም። ፍሬ ቀሚሴን ያዘችኝ። እሷም ሰምታለች። ግድግዳውን አየች፤ እኔን አየች፤ ቀጥሎ በመስኮቱ ወደ ግቢ አየች። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች የጣሪያውን ቆርቆሮ መምታት ጀምረዋል። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችና ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ያ ባንዲራ ሲሰቀል የምሰማው ድምፅ ወጣ፦

«ማስታወቂያ። ጋሽ ምትኩ፣ ገመድ ላይ ያሰጡት ሦስት ሸሚዝ ዝናብ ሳይመታው ቢያስገቡት።»

ከግድግዳው ማዶ ወንበር ወደቀ። ቀጥሎ ጥላና ቁጥሩ እየተቀባበሉ ይስቁ ጀመር፤ «ነብር! ሸሚዝህን አስገባ እንጂ!» ፍሬም ሳቀች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳቀች፤ እኔ ዘነዘናውን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ዝናቡ ወረደ፤ ሸሚዞቹም በሰበሱ። ምትኩ አልወጣም። የሚወጣበትን ፊት እየፈለገ ነበር መሰለኝ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በራችን ላይ ቆሞ ጠበቀን። ደንግጦ ይሁን አፍሮ፣ ፍሬን «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አንቱ ተባለች! እሷም ነጠላዋን አስተካክላ እንደ ቄስ «ይፍታህ» አለችው።

«እሷ መሆኗን አላወቅሁም እትዬ» አለኝ።

«ታዲያ ማን መስላህ ነበር?»

አሰበ። እውነቱን ነው፣ ከልቡ አሰበ። «ማንም» አለኝ። «ማንም አልመሰለችኝም።»

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። አምና ፍሬ ትኩሳት ሲጥላት ተሸክሟት ጤና ጣቢያ የሮጠው ይኸው ሰው ነው፤ በዚያው አፉ «አይዞሽ» ሲላት ሰምቻለሁ። ታዲያ የቱ ነው ምትኩ? ውጣልኝ ልለው ፈልጌ አፌ እንቢ አለኝ፤ ተቀመጥ ልለውም አልቻልኩ። እሺ፣ የእሱን ግድግዳ አገኘነው። ሸሚዛቸው የት እንደተሰጣ የማናውቃቸውንስ ምን እናድርጋቸው? ማንም የሚባለውን ሰው ሲሰድቡ የሚያለቅሰው ለምን ሁልጊዜ የአንድ ሰው ልጅ ይሆናል?

ሰኞ ጠዋት ድምፅ ማጉያው የኔን ልጅ ድምፅ ይዞ አጥሩን ዘለለ። እጄ ሚዛኑ ላይ ቆመ። ሁለት ደንበኛ ሄደብኝ። ለወላጆች ቀንም «እኔው አነባለሁ» ብላለች፤ ቀሚሴን ለሦስተኛ ጊዜ አጠብኩት።

እዚህ ላይ ብጨርስ እንዴት ደስ ባለኝ። ግን ያንኑ ዕለት ከሰዓት ድንች እየላጥኩ ከውስጥ ይህን ሰማሁ፦

«አንተ ኑብ! ማይክህን ዝጋ!»

ፍሬ ናት። ቢላዋዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። ልቆጣት ነው የተነሣሁት። «ፍሬ!» አልኩ።

«አቤት!» አለች፤ ቤቱን ሞላችው። እንዲህ ብላ አቤት ካለችኝ ስንት ጊዜ ሆነ! ልናገር ያሰብኩት ጠፋኝና «ምንም» ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ቁጣውን ነገ እደርስበታለሁ ብዬ ነበር፤ ነገ እንደሆነ አልፏል።

እናም የዚያ ልጅ እናት ሆይ፣ የት እንዳለሽ አላውቅም። ልጅሽ ሰሞኑን ዝም ካለብሽ ማር አታፍዪለት፣ ፍል ውሃም አትውሰጂው። የሰደበችው የኔ ልጅ ናት። ገበያው መግቢያ ላይ ድንች የምትሸጠዋን ብለሽ ጠይቂና ነይ።

ጨውም አለን።