ዓሣው ምን ያክል ነበር?

ዓሣ አጥማጅን እውነት የሚያናግር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። ጋሽ ዳምጤ ጣና ዳር የማጥመጃ ክር የሚጠቀልል መዘውር ይጠግናሉ፤ የመዘውሩን ሞላ ዋጋ የሚናገሩት መዘውሩን የሰበረው ዓሣ ምን ያክል እንደነበር ከጠየቁ በኋላ ነው። ለትልቅ ዓሣ ወፍራም ሞላ፣ ለወፍራም ሞላ ወፍራም ዋጋ! ከዚህ ወዲያ ፍትሕ ከየት ይመጣል?

"አምባዛ ነበር ጋሼ፤ እኔን ያክላል!" አልሁ እጄን ዘርግቼ።

ዋጋውን ሲነግሩኝ እጄን ትንሽ ሰበሰብሁ።

"እንዲያው ሳስበው፣ ክንድ ቢያክል ነው።"

"አሁንም ተወደደብህ?"

"ለነገሩ ቀረሶም ሊሆን ይችላል" ብዬ መዳፌን አሳየኋቸው።

"ለቀረሶማ ቀጭኗ ትበቃለች" አሉና ፈገግ እንኳ ሳይሉ ገጠሙልኝ።

በባጃጅ ወደ ዓባይ ማዶ ስመለስ ሾፌሩ መዘውሩን አይቶ "ምን ይዘህበታል?" አለኝ። እጄን ስዘረጋ፣ አጠገቤ የተቀመጡትን ሴትዮ ከባጃጁ ልጥላቸው ነበር።