እስከ 2019 ይቀመጥ

ትናንት ሌሊት ልዑልሰገድ ሕልም አየ። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም፤ እኔ ግን እነግራችኋለሁ።

በሕልሙ ወደ መሥሪያ ቤቱ፣ ወደ ይዞታ ማህደር ጽሕፈት ቤት ሲገባ፣ በሩ ላይ ባለጉዳዮቹ ዘበኛውን ይፈትሹ ነበር። "እጅ ወደ ላይ!" አሉት አንዲት ባለነጠላ አሮጊት፤ ዘበኛውም ቀበቶውን ፈቶ ቆመላቸው። ውስጥ ደግሞ ባለጉዳዮቹ ከየመስኮቱ ጀርባ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ ኃላፊዎቹና ባለሙያዎቹ ፋይል ታቅፈው ተሰልፈዋል።

"እባክዎ ካርታዎን ይውሰዱልኝ፤ ሦስት ወር ሙሉ ተመላለስኩ" አለ አንዱ ባለሙያ።

"ሲስተም የለም፤ ነገ ና" አለው ባለጉዳዩ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ልዑልሰገድ አልገረመውም። ደረጃውን ወርዶ ወደ ምድር ቤቱ ሄደ።

የዚያን ምድር ቤት ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዋናው ኮምፒውተር አንድ ቀን ቢወድቅ የሕዝቡ ካርታ አብሮ እንዳይጠፋ፣ ማህደሩ ሁሉ በቴፕ ካሴት እየተቀዳ እዚያ ይቀመጥ ነበር። ጠባቂዋ እትዬ አመለወርቅ ናቸው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቁልፉን ከመቀነታቸው አልፈቱም። በ2014 ዓ.ም. ልዑልሰገድ አዲስ ማሽን ተከለ፤ ቨርቹዋል ቴፕ ላይብረሪ ይሉታል። ውስጡ ዲስክ ብቻ ነው። ግን ካሴት ነኝ፣ መደርደሪያም አለኝ፣ ካሴት የሚያነሳ ክንድም አለኝ እያለ ኮምፒውተሩን ያታልላል፤ ኮምፒውተሩም ያምነዋል። ካሴቶቹ ሁሉ ወደዚያ ተገለበጡና አሮጌዎቹ ተወገዱ። እትዬ አመለወርቅ የባዶ ክፍል ቁልፍ ይዘው ቀሩ።

በሕልሙ ግን ካሴቶቹ ተመልሰው ነበር። ወንበሩን ሁሉ ይዘው ማኪያቶ ያዛሉ። መደርደሪያው ላይ የተኙት ሠራተኞቹ ናቸው፤ እያንዳንዱ በፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ፣ ግንባሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት። እትዬ አመለወርቅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። በግንባራቸው "እስከ 2019 ይቀመጥ" ይላል። ጽሕፈቱ የልዑልሰገድ የራሱ ነው።

"ልዑሌ፣ ቁርስ በልተሃል?" አሉት በፕላስቲኩ ውስጥ ሆነው።

"እትዬ፣ ኧረ ይውጡ ከዚያ!"

"ተወኝ ልጄ፣ ተመችቶኛል። ወገቤን ብቻ ትንሽ በረደኝ።"

ከጣሪያው አንድ የሌለ ክንድ ወረደ። የሌለ መሆኑን ልዑልሰገድ ያውቃል፤ የተከለው እሱ ነው። ክንዱ የእትዬን ሣጥን ብድግ አደረገው።

"ጊዜያቸው አልፏል" አለ አንዱ ካሴት ማኪያቶውን እያማሰለ። "ይደምሰሱና ሌላ ይጻፍባቸው።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው!" ብሎ ጮኸ ልዑልሰገድ።

"ጥፋት የሚወሰደው በወረፋ ነው። ሦስተኛ ፎቅ።"

ሮጠ። ወደ ላይ ሲሮጥ ደረጃው ወደ ታች ይወስደዋል፤ ወደ ታች ሲሮጥ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ዋና ዳይሬክተሩ ተራቸውን በድንጋይ ይዘዋል። ሠራተኛው ሁሉ ጥፋቱን ለመውሰድ ይጋፋል።

"ጥፋቱ የእኔ ነው!"

"ኧረ ባክህ! አንተ ደግሞ መቼ አጥፍተህ ታውቃለህ? የእኔ ነው!"

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ያለቅሳሉ። "ሃያ ዓመት አገልግዬ አንድ ጥፋት እንኳ ሳይደርሰኝ!"

በውን እንዲህ ያለ ወረፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከሦስት ሳምንት በፊት በዚያው አዳራሽ ማንም አልተጋፋም። ዋናው ኮምፒውተር ወድቆ ወደ አዲሱ ማሽን ቢዞሩ፣ የድሮው ማህደር የለም። ልዑልሰገድ ለብቻው ሲመረምር ጉዱን አገኘው። ያኔ ሲተክለው ማሽኑ "እስከ መቼ ላስቀምጥ?" ብሎ ጠይቆት ነበር። እሱም አምስት ዓመት ደምሮ 2019 ብሎ ጻፈ፤ በእኛው አቆጣጠር። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ለእሱ ያኔውኑ 2022 ነበር። ጊዜው ካለፈ ሦስት ዓመት የሆነው ማህደር ምን ይሠራል ብሎ፣ እየደመሰሰ ሌላ ጻፈበት።

ጉዳዩን ሊያጣራ የተቋቋመው ኮሚቴ "ማሽኑ ተሳስቶ ይሆን?" ብሎ ጠየቀው።

"ማሽኑ አልተሳሳተም" አለ ልዑልሰገድ። እውነቱን ነው። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ኮሚቴውም ካሴቶቹ ድሮውንም በአያያዝ ጉድለት ተበላሽተው ነበር ብሎ ወሰነ፤ እትዬ አመለወርቅ ለጡረታ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የልዑልሰገድ ዝምታ ግን በሦስት ሳምንት ነቀዘ። ያፍራል፣ ይጸጸታል፤ ነገ እናገራለሁ እያለ ቀኑ ይመሻል።

በሕልሙ ተራው ደረሰ። ከመስኮቱ ጀርባ ያ ማኪያቶ ጠጪ ካሴት ተቀምጧል።

"ምን አጠፋህ?"

"2019 ብዬ ጻፍኩ።"

"የጥፋት ይዞታ ካርታ አለህ?"

"ጠፍቷል።"

"ማን አጠፋው?"

"እኔ!"

"ማስረጃ?"

"እኔ ራሴ ነኛ! ቶሎ በል፣ እትዬን ሊደመስሷቸው ነው!"

ካሴቱ መዝገቡን ገለጠ። "ኑዛዜህ የሚያገለግለው እስከ 2019 ነበር። አልፏል።"

"በማን አቆጣጠር?!"

ዳይሬክተሩ ድንጋያቸውን እንደታቀፉ ዞረው አዩት።

"ይህን ያኔ ብትጠይቅ ኖሮ" አለ ካሴቱ፣ መስኮቱን እየዘጋ።

ስልኩ ጮኸና ነቃ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። የደወሉት እትዬ አመለወርቅ ናቸው።

"ልዑሌ፣ ቀሰቀስኩህ መሰል። ይቅር በለኝ።"

"ኧረ የለም እትዬ። ደኅና አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ ቁልፉን አስረክቤ ልወጣ አይደል፣ የርክክቡን ቅጽ እየሞላሁ ነው። እታች ቀን ይጻፍ ይላል። በእኛ ልጻፈው ወይስ በፈረንጅ?"

ልዑልሰገድ አፉን ከፈተ። ወረፋ አልነበረም። ማስረጃ የጠየቀውም የለም። መናገር ፈልጎ ነበር፤ ከልቡ ፈልጎ ነበር።

"በእኛ... በእኛ ይጻፉት" አለ።

"ተባረክ። ሌላ ሰው አልጠየቅኩም" አሉት። "አንተ እንዲህ ያለውን አትሳሳትም ብዬ ነው።"