ሳልጠጣ ረካሁ

በሌላ ሰው ፈንታ የሚረካ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በስተርጅና እዚሁ ሀዋሳ ገጠመኝ። «መልካም አስተዳደር በኮምፒውተር መጣ፤ ቀበሌ ሄዳችሁ አስተያየት ስጡ» ሲባል፣ ቧንቧችን ከደረቀ ወር ሆኖት ነበርና በባጃጅ ከነፍኩ። ግንባሬ ላይ የሰቀልኩትን መነጽር ኪሴ ውስጥ ስፈልግ፣ የቀበሌው ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ፣

«አባባ፣ አይድከሙ፤ የእርስዎን የአስተያየት ቅጽ ጠዋት ኮምፒውተሩ ላይ ሞልተንልዎታል» አለኝ።

«ምን ብላችሁ?»

«‹በውሃ አገልግሎቱ በጣም ረክቻለሁ› ብለን ነዋ!»

ክው አልኩ! ሰው ጉሮሮው ሳይርስ ይረካል እንዴ?

«ኧረ ልጄ፣ ጠብታ የለንም! ቧንቧውን ጠግኑልን።»

እሱ ከእኔ ብሶ ደነገጠ። «ረክተው ሳለ ብንጠግንልዎ፣ ኮምፒውተሩን ውሸታም አደረግነው ማለት እኮ ነው!»

እኔ ጅሉ ሽማግሌም ኮምፒውተሩን ላለማሳጣት ስል፣ ይቅርታ ጠይቄ ጥሜን ይዤ ወጣሁ።